የአራስ ቤት ብርድ

ወልድያ፣ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ተራ እንጠብቃለን። አጠገቤ ያሉት እናት ስልሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ታጥቀው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመዋል። «ምንዎን ነው ያመመዎት እናቴ?» አልኳቸው። ወገባቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «ይቺ የሦስተኛው ናት» አሉኝ። እጃቸውን ወደ ቀኝ ዳሌያቸው አሻገሩ። «ይቺ የመንታዎቹ።» ከዚያ ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ስስል የምታሳፍረኝ ግን የመጨረሻዋ ናት። አራስ ቤት ሳለሁ ብርድ ገባኝ፣ ይኸው እስተዛሬ አልወጣልኝም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘኋቸውን ባልቴቶች ሁሉ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ሕመማቸውን በልጆቻቸው ነው የሚቆጥሩት። የትኛው ሕመም በየትኛው ልጅ እንደመጣ፣ በወለዱ በስንተኛው ቀን ውሃ ወርደው እንደነበር፣ ምን ሲያነሡ ወገባቸው እንደተቆረጠ አይረሱም። ሐኪሙ ዘንድ ሲገቡ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ይባላሉ። «ቆይቷል» ይላሉ። ካርዱ ላይ «የወገብ ሕመም» ተብሎ ይጻፍና ማስታገሻ ይዘው ይወጣሉ። ዕድሜ ልክ በቃል ተጠብቆ የኖረው ታሪክ ካርዱ ላይ ሳይሰፍር ይቀራል።

«የአራስ ቤት ብርድ» ሲባል የሚያጣጥሉ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል። እኔ አላጣጥለውም። ብርድ ጡንቻ አያላላም፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ወገቧን የቆረጣትን፣ ሆዷ አልሰበሰብ ያላትን፣ ሽንቷ የሚያመልጣትን፣ ማህፀኗ የወረደባትን ሴት አንድ ላይ ሰብስቦ «ይህ ሁሉ የጀመረው ስትወልድ ነው» የሚል ሌላ ቃል በአማርኛ አላውቅም።

*

ጠፍር አልጋ ላይ ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከቆዳ የተተለተለው ጠፍር ከዳር እስከ ዳር ተጠላልፎ ይወጠራል፤ ቤተሰቡን ለዓመታት ይሸከማል። ሲቆይ መሀሉ ይረግባል፣ የተኛበትም ሰው ወደ ጎድጓዳው ይንሸራተታል። ያን ጊዜ አልጋውን አውጥቶ የሚጥል የለም። ሁለት ሰው ወዲህና ወዲያ ይዞ ጠፍሩን ይወጥረዋል።

ሴት ልጅም ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ኋላ ጭራ አጥንት የተዘረጋ የጡንቻ ጠፍር አላት። የሽንት ፊኛዋ፣ ማህፀኗና የዓይነ ምድር መውጫዋ በዚያ ላይ ያርፋሉ። በእርግዝና ወራት ሸክሙ በየሳምንቱ ይከብዳል፤ ሰውነት ራሱም መገጣጠሚያዎችን የሚያላላ ሆርሞን ይለቃል። በምጥ ሰዓት ደግሞ ያ ጡንቻ ከልኩ አልፎ ይለጠጣል፣ አንዳንዴም ይቀደዳል። የሚገርመኝ አብዛኛው ተመልሶ መሰብሰቡ ነው። ረግቦ የቀረውን ግን መወጠር ይቻላል። ለወላድ የሚደረገው ፊዚዮቴራፒ ትልቁ ሥራው ይኸው ነው።

*

ወልድያ ላይ ፊዚዮቴራፒ የሚለውን ቃል የማያውቅ ጎረምሳ የለም። ትልቅ ስታዲየም ያላት ከተማ ናት፤ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚሮጠውን «ፊዚዮ» ሁሉም አይቶታል። ከ2013–2014 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ደግሞ እግሩን ወይ እጁን የተመታ ወንድም ያለው ቤት ሁሉ ቃሉን ለመደው። ስትሮክ ያገኛቸው አባት ያሉበትም ቤት እንዲሁ።

ለአራስ ሲባል ግን አይገናኝም። አንዲት የሁለት ልጆች እናት «ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ብትታዪስ?» ብላት «ምኔ ተሰበረና?» አለችኝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ በዲግሪ ማስመረቅ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የተማረ ሰው አገሩ ላይ አለ። እስካሁን የምናስበው ግን ለአጥንት ብቻ ነው።

*

መርሳ፣ የውሃ ቦኖ። ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል። ሰልፉ ውስጥ ያለችው ልጅ እግር ሴት ፊቷ ገና የአራስ ፊት ነው፤ ሻሿ እስከ ቅንድቧ ወርዷል፣ ጡቷ ላይ ቀሚሷ ረጥቧል። ተራዋ ደረሰ፣ ሞላች፣ ክዳኑን ጠመዘዘች። ከዚያ ጎንበስ አለች፤ ጉልበቷ ቀጥ እንዳለ፣ ወገቧ እንደ ቀስት ጎብጦ። ትንፋሿን ውጣ «እህ» ብላ ብድግ አደረገችው። ቀና ስትል አንድ እጇ ሳታስበው ወደ ታችኛው ሆዷ ሄደ። ያቺን እጅ አይቼ ጠየቅኳት። በወለደች በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው።

ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው። ትንፋሽ ታፍኖ ሲነሣ በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት መውጫ ያጣና ወደ ታች፣ ገና ያልጠናው ጠፍር ላይ ይወርዳል። አንድ ቀን ምንም አይልም። በየቀኑ ሁለቴ፣ ለአርባ ቀን፣ ከዚያም ለቀጣዩ ልጅ ሲሆን ግን ብዙ ይላል።

ፊዚዮቴራፒስት ብትኖር የምታስተምራት አራት ነገር ነው። ወደ ጀሪካኑ ተጠጊ። ጉልበትሽን እጠፊ እንጂ ወገብሽን አታጉብጪ። ከማንሣትሽ በፊት የታችኛውን ጡንቻ ሰብስቢ። ስታነሺ ትንፋሽሽን አውጪ እንጂ አትያዥ። ከሁሉ የሚሻለው ግን አምስተኛው ነው፤ በእነዚህ ሳምንታት ሌላ ሰው ይቅዳላት።

*

በእርግዝና ወቅት በሳምንት 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይደረግ ይላል የዓለም ጤና ድርጅት፣ ከልካይ የጤና ችግር እስከሌለ ድረስ። መልካም ምክር ነው፤ ወልድያ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለምትውለውና ቤት ስትገባ «አትንቀሳቀሺ፣ ተቀመጪ» ለምትባለው ነፍሰ ጡር ይጠቅማታል። ውርጌሳ ገጠሩ ላይ ላለችው ግን «እንቅስቃሴ አድርጊ» ማለት ሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር ነው። እሷ የጎደላት እረፍት ነው፤ ደግሞም አንድ ዓይነት ከሆነው ጎንበስ ማለት ወጣ ያለ እንቅስቃሴ። ስታርም ጎንበስ፣ ስትጋግር ጎንበስ፣ ቤት ስትጠርግ ጎንበስ። አጭር እጀታ ያለው መጥረጊያችን ስንት ወገብ እንደፈጀ የቆጠረ የለም።

ለእሷ የሚሆነው ምክር ትንንሽ ነው። በግራ ጎንሽ ተኝተሽ በጉልበቶችሽ መሀል የታጠፈ ጋቢ አድርጊ። ከአልጋ ስትነሺ መጀመሪያ ወደ ጎን ዙሪ፣ ከዚያ በክንድሽ ተደግፈሽ ተነሺ። ቆመሽ ስትሠሪ አንድ እግርሽን ዝቅ ያለ ድንጋይ ላይ አሳርፊ። እነዚህን አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቡና ሳይፈላ አሳይታ ትጨርሳቸዋለች።

*

አራስነት የሠለጠነ ነገር ነበር። እናቶቻችን ዕረፍትን በቀን ቆጥረው፣ በምግብ ደግፈው፣ በሰው ከበው ሠርተውታል። ገንፎ፣ አጥሚት፣ የዶሮ ሾርባ። የሞቀ ውሃ። በቅቤ የሚታሽ ወገብ። ሆድ ላይ የሚጠመጠም መቀነት። በወሎ ደግሞ የወይባ ጢስ። አራሷ ከደጅ አትወጣም፣ ሸክም አትነካም፤ ክርስቲያኗ እስከ ክርስትና፣ ሙስሊሟ እስከ አርባ ቀኗ። ማንም ዩኒቨርሲቲ ሳያስተምራቸው፣ የወለደ ሰውነት ጊዜ እንደሚሻ ገብቷቸው ነበር።

ሁሉንም ግን እንዳለ አልቀበልም። መቀነት ደገፍ ያደርጋል፣ ወገብም ያሳርፋል፤ የጡንቻውን ሥራ ግን አይሠራለትም። እስኪያፍን ሲጠብቅ ግፊቱን ወደ ታች ይሰዳል፣ ያውም ወደዚያው ወደላላው። ስፌት ያልደረቀላትን፣ ደም የፈሰሳትን ሴት ጢስ ላይ ማስቀመጥም ጉዳት አለው። ፈጽሞ ከአልጋ አለመውረድም እንዲሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግር ካልተንቀሳቀሰ ደም ሊረጋ ይችላል። በቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ተኝቶም ቁርጭምጭሚትን ማዞር ያስፈልጋል።

አርባው ቀን ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ይከነክነኛል። እናቷ በሕይወት ላለች፣ እህት ላላት፣ ጓዳዋ ሙሉ ለሆነ ነው። ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ጃራ መጠለያ ላይ፣ ከቀዬዋ ተፈናቅላ በሸራ ሥር የወለደች ሴት የምን አራስ ቤት አላት? ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ተይዘው፣ ጤና ተቋማት ተዘርፈው በነበረበት ጊዜ የወለዱትስ? ገንፎው ቀርቶ የሞቀ ውሃ ያላገኙ ነበሩ። የዚያን ጊዜ ሕፃናት ዛሬ ሮጠው ይጫወታሉ። እናቶቻቸውን ወገባቸውን ጠይቁልኝ።

*

የመንግሥት ሠራተኛ ሴት በሕጉ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ አላት፤ 30ው ከመውለዷ በፊት፣ 90ው በኋላ። ጊራና ላይ ሽንኩርት የምትኮተኩተው ሴት ፈቃዷን የምትጠይቀው ከአማቷ ነው።

*

የሰውነታችን ስም ራሱ እንቅፋት ነው። ጠፍሩ የተዘረጋበትን አካባቢ በጨዋ አማርኛ ስንጠራው «ሀፍረተ ሥጋ» እንላለን። ከስሙ ውስጥ ሀፍረት ካለ፣ ሴቲቱ እዚያ ያለ ሕመሟን በምን አፏ ትናገር?

ሐብሩ ውስጥ የምትሠራ አንዲት አዋላጅ ይህን እንዴት እንዳለፈችው በዓይኔ አይቻለሁ። በመጀመሪያ ለአንዲት ነፍሰ ጡር እንደተማረችው ነገረቻት፤ «የዳሌሽን ወለል ጡንቻ አጥብቂ።» ሴትየዋ መቀመጫዋን ከወንበሩ ከፍ አደረገች። «አይ፣ እሱን አይደለም። ሽንትሽን እንደምትቋጥሪው።» አሁን ጭኖቿን አጣበቀች፣ ትንፋሿንም ያዘች። አዋላጇ ጥቂት አሰበችና ወንበሯን አስጠጋች፤ «እታለም፣ ሶላት ላይ ቆመሽ፣ ውዱእሽ ሊፈርስብሽ ሲል እንዴት አድርገሽ ነው የምትይዥው?»

ሴትየዋ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ዓይኗ ወደ ውስጥ የሚያይ መሰለ። ትከሻዋ አልተነሣም፣ ጭኗ አልተነቃነቀም፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም። «ይኼን ነው?» አለች። «እሱን ነው! በቃ እሱን!» አለች አዋላጇ። «አሁን ወደ ላይ ሳቢው፣ እየተነፈስሽ። ስድስት እስክቆጥር። አሁን ልቀቂው፤ መልቀቁንም እንዳትረሺ።» ክርስቲያን እናት ስትመጣ «ቅዳሴ ላይ ቆመሽ» ትላታለች።

ዶክተር አርኖልድ ኬግል የሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም ይህን እንቅስቃሴ በ1948 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ካወጣው ጀምሮ በዓለም ዙሪያ በስሙ «ኬግል» ይባላል። ልኩ ይታወቃል፤ እየያዙ ከስድስት እስከ ስምንት ሰከንድ፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ሽንት እየሸኑ መሀል ላይ ማቋረጥ ግን ቦታውን አንድ ጊዜ ለመለየት እንጂ ለልምምድ አይደለም። ሐብሩ ላይ በስንት ቃል ተሞክሮ በስተመጨረሻ በሶላት በር መግባቱን ሳይ፣ የሕክምና ትምህርታችን ውስጥ የቋንቋ ትምህርት ምን ያህል እንደጎደለ ተሰማኝ።

*

ውዱእን ካነሣሁ አይቀር። ሽንት ማምለጥ ልብስ ማርጠብ ብቻ አይደለም፤ ሴትን ከአምላኳ ፊት ያርቃታል። አንዲት እናት ለሦስት ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጪ፣ ዛፍ ሥር ቆማ እንደምታስቀድስ ነገረችኝ፤ ጎረቤቷ «ፀሐይ ስለምትወድ ነው» ብላ ታስብ ነበር። ሙስሊሟ ሩኩዕ ስታደርግ ታመልጣታለች፤ ደጋግማ ትታጠባለች፣ በመጨረሻ ከሰው ጋር መስገድ ትተዋለች። ሽንቱ ለማይቆምለት ሰው ሸሪዓው መፍትሔ አለው፤ ለየሶላቱ ውዱእ አድርጎ መስገድ ይችላል። ይህን ለማወቅ ግን ሼኹን መጠየቅ አለባት። ለባሏ ያልነገረችውን ለሼኹ ትነግራለች?

ሠርግ አትሄድም፤ ጭፈራ አለ፣ እስክስታ አለ። መኪና ላይ ረጅም መንገድ አትቀመጥም። ሳቅ ያለበት ቡና ላይ ቶሎ ትነሣለች። ሰው «ኮራች» ይላታል።

*

እኔም ከነዚህ ሴቶች አንዷ ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራት ወር እንደሞላኝ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚኒባስ ስመጣ አስነጠሰኝ። ወልድያ መናኸሪያ ስንደርስ ሰው ሁሉ እስኪወርድ ስልክ የማወራ መስዬ ተቀምጬ ቀረሁ። በማግስቱ አንድ የጤና ተቋም ሄጄ፣ ስንት ጊዜ ምራቄን ውጬ ተናገርኩ። ያነጋገረኝ ሰው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ወልደሽ አይደል? ያው ነው፣ ይለመዳል» አለኝ። ተሰናብቼ ወጣሁ።

ለአንድ ዓመት ለመድኩት። ከዚያ አዲስ አበባ ላይ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት አግኝታኝ በስድስት ጉብኝት አስተማረችኝ፤ በአራተኛው ወር አስነጠሰኝና ምንም አልሆንኩም። ቆሜ አለቀስኩ። የሚያስቆጨኝ ሕመሙ አይደለም፤ «ይለመዳል» በሚለው ቃል ያለፈው ዓመት ነው።

*

በኦፕራሲዮን የወለዱ «እኛን አይመለከተንም» ይላሉ። ዘጠኝ ወር የተሸከመው ያው ጠፍር ነው፤ ይመለከታቸዋል። በእነሱ ላይ ደግሞ የሆድ ቁስል አለ። ሲያስሉ ወይ ሲያስነጥሱ የታጠፈ ነጠላ ስፌቱ ላይ አድርገው በሁለት እጅ ደገፍ ማድረግን ማንም ሳያሳያቸው፣ ሳልን ፈርተው ትንፋሻቸውን አሳጥረው ቀናት የሚያሳልፉ አሉ።

*

ወልድያ ሱቆች ውስጥ የሆድ ቀበቶ በየመደርደሪያው ተሰቅሏል። ገዢዎቹ ከወለዱ ወራት ያለፋቸው ናቸው፤ «ሆዴ አልገባም» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ነገሩ ውፍረት አይደለም። በሆድ መሀል ቁልቁል የሚወርዱት ሁለቱ ጡንቻዎች በእርግዝና ጊዜ ግራና ቀኝ ተራርቀው፣ ሳይገናኙ ቀርተው ነው። በጀርባ ተኝተሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ጣቶችሽን ከእምብርትሽ በላይ አሳርፈሽ ራስሽን ቀና ስታደርጊ ክፍተቱ ይዳሰሳል። ከሁለት ጣት የሰፋ ከሆነ፣ ወይም መሀሉ እንደ ጉብታ ብቅ ካለ፣ ስልክ ላይ ያየሽውን ሆድ ማጥፊያ ስፖርት ከመጀመርሽ በፊት ባለሙያ ይይሽ። ያላስተዋሉት በየማለዳው በጀርባቸው ተኝተው ብድግ እያሉ ጉብታውን ያብሱታል።

*

በ1959 እ.ኤ.አ. ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ ሲመጡ በተራዘመ ምጥ በተፈጠረ ቀዳዳ ሽንቷ የሚፈስባት፣ ፊስቱላ የያዛት ሴት እጣዋ ከቤት ኋላ ጎጆ ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሆነ ሆስፒታል ከፈቱ፤ ባሕር ዳር ላይ በ2005 እ.ኤ.አ. ቅርንጫፍ ተጨመረ። ከሐብሩ ለሚነሣ ሰው ወልድያን አልፎ፣ ድልብን ወጥቶ፣ ጋሸናን፣ ነፋስ መውጫንና ደብረ ታቦርን አቋርጦ ነው ባሕር ዳር የሚደረሰው።

የሐምሊን ታሪክ ሲነገር ቀዶ ሕክምናው ይጎላል። እኔን የሚነካኝ ከጎኑ ያለው ሥራ ነው። ሽንቱ የሚቆም መስሏቸው ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ሰብስበው ለወራት ተኝተው የኖሩ ልጃገረዶች ይመጡ ነበር። መገጣጠሚያቸው በዚያው ደርቆ፣ በተራዘመ ምጥ ነርቫቸው ተጎድቶ እግራቸው መሬት የሚጎትት። እነዚህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጀመሪያ ማቆም፣ ማራመድ ያስፈልግ ነበር። ያንን የሠራው ፊዚዮቴራፒ ነው። ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላም ሽንታቸው ማምለጡን የማይተው አሉ፤ እነሱንም የሚረዳው ይኸው የጡንቻ ልምምድ ነው። ካትሪን ሐምሊን በ2020 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ አረፉ። «ፊስቱላ» የሚለው የባዕድ ቃል ዛሬ ገጠር ድረስ ይታወቃል፣ ሴቶችም ስሙን ጠርተው ይመጣሉ። ስም ማግኘት ግማሽ መንገድ መሆኑን ከዚህ ተማርኩ። ሲስሉ የምታመልጠው ሽንት ግን እስካሁን ስም አላገኘችም።

*

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዳባት ወረዳ ወርደው ሴቶችን ስለ ማህፀን መውጣት ጠይቀው፣ ከዚያም መርምረው ነበር። ሲጠየቁ አለብኝ ያሉት ጥቂት ነበሩ። ሲመረመሩ የተገኘባቸው ግን ከእነዚያ እጅግ በዙ። ዳባት ከሐብሩ ሩቅ ነው፤ ዝምታው ግን አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ማህፀኗ ወደ ውጪ የወጣባት፣ ወይም ሽንቷ ቀን ከሌት ያለማቋረጥ የሚወርድባት ሴት በልምምድ ብቻ ቤቷ አትቀመጥ። ሐኪም ይያት፤ ቀዶ ሕክምና የሚያድነው ነገር አለ።

*

በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገሪቱ ከ100 ወሊድ 48ቱ በጤና ተቋም የተከናወኑ ነበሩ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ 26 ነበሩ፤ ይህ ትልቅ ድል ነው፣ ብዙ እናት ተርፋበታለች። ከወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩት እናቶች ግን ከ100 34 ብቻ ነበሩ።

በታየችበትም ቀን የምትጠየቀውን ሰምቻለሁ። ደም ይፈስሻል? ትኩሳት አለሽ? ጡትሽ? ልጁ ይጠባል? ሁሉም የሞትና የሕይወት ጥያቄዎች ናቸው፣ አንዱም አይቀነስ። አንድ ይጨመርበት እላለሁ፤ «ሽንትሽ ያመልጥሻል?»

አንድ ቀን አለ፣ እንዳይባክን የምመኘው። ልጁ በአንድ ወር ከአሥራ አምስት ቀኑ ለክትባት ይመጣል፤ ይህን ቀን ብዙ እናቶች አያሳልፉትም። መርሳ ላይ በክትባት ቀን አርባ አምሳ እናት ልጇን አቅፋ አግዳሚ ላይ ትውላለች። የያዘችው ካርድ የልጁ ነው፣ የሚጠራው ስም የልጁ ነው፣ የሚመዘነው ልጁ ነው። ስድስት ሳምንት ሞልቷታል፤ ሰውነቷ የሚታይበት ትክክለኛው ቀን ነው። እዚያው አለች፣ ማንም ግን ወደ እሷ ዞር አይልም።

*

ፈረንሳይ አገር ለወለደች ሴት የዳሌ ወለል ጡንቻዋን የምታጠናክርበትን አሥር ቀጠሮ ማኅበራዊ ዋስትናው ይከፍልላታል። ይህን የማነሣው እንድንቀና አይደለም። ጥናቶች የሚያሳዩት ለእኛ የሚመች ነገር ስላለ ነው፤ ልምምዱ በእርግዝና ጊዜ ሲጀመር ሽንት ማምለጥን አስቀድሞ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም ለወለዱ ሁሉ በጅምላ ከወሊድ በኋላ ማስጀመርን ለመከላከያ አላስቀመጠም። ስለዚህ ዋናው ቦታ የቅድመ ወሊድ ክትትሉ ነው፣ በአራተኛው በአምስተኛው ወር፤ ከወለደች በኋላ ደግሞ ችግሩ ያለባትን ጠይቆ ለይቶ ማከም። ልምምዱ ማሽን አያስፈልገውም። መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

*

ጊራና አጠገብ አንድ ገበሬ ቤት ደጃፍ ላይ ከድንጋይ የተሠራ፣ ወገብ የሚደርስ መደብ አየሁ። ጭቃው ገና አልደረቀም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ጀሪካን ማሳረፊያ ነው» አለኝ። ውሃውን እሱና ልጁ ያመጡና እዚያ ላይ ያስቀምጡታል፤ ባለቤቱ ጎንበስ ሳትል አዘንብላ ትቀዳለች። «ሲስተሯ ከመሬት አታንሣ አለችን» አለ፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። ባለቤቱ ከውስጥ፣ በመጋረጃው በኩል፣ «ሁለት ቀን ፈጀበት» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበር።

*

እናቴ ቤት፣ ቡና ላይ። አራት ሴቶች ነበርን፤ እናቴ፣ ሁለት ጎረቤቶቿና እኔ። ስለዚህ ጽሑፍ እያወራሁ ሳለሁ ወሬው ወደ ልምምዱ ሄደ። እንዴት እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ለአንዷ በቅዳሴው፣ ለአንዷ በሶላቱ። «አሁን እየሠራችሁ ይሆናል እኮ» አልኩ፣ «ማን ያውቃል?» ሁሉም ዝም አሉ። ዕጣኑ ይጨሳል፤ ማንም ማንንም አያይም።

እናቴ ሰባት ወልዳለች። ወገቧ የአራተኛው ነው፤ ሳሏን ግን ለማንም ነግራ አታውቅም፣ ለእኔም። ጀበናውን እንዳነሣች፣ ሳትቀዳ፣ ወደ እኔ ዞር አለች።

«እስከ ስንት ነው ያልሽው የሚቆጠረው?»

«መጀመሪያ እስከ ስድስት» አልኳት።